ዝምታም ይነቅዛል

ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

በዚህ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጽዳት፣ ስለ ጥበቃና ስለ ወርኃዊ መዋጮ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሰሌዳው ራሱ እንናገራለን። በማኅበራችን ውስጥ «ማንኛውም ጽሑፍ ከመለጠፉ በፊት ኮሚቴው አይቶ ማኅተም ያድርግበት» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያመጡት ወንድሞችና እህቶች ለሠላማችን አስበው መሆኑን አንጠራጠርም። ሆኖም እኛ የሰሌዳው አዘጋጆች ሐሳቡን በጥብቅ እንቃወማለን። ምክንያቱም ነገሩ አዲስ አይደለም። ስሙ ሳንሱር ይባላል፤ አገራችን ሞክራዋለች፤ ዋጋውንም ከፍላለች።

«ዝም አይነቅዝም» የሚሉ አሉ። ምክሩ ከክፉ ዘመን የመጣ ነውና አንፈርድባቸውም። እውነቱ ግን ዝምታም ይነቅዛል፤ ሲነቅዝ ደግሞ ጎተራውን በሙሉ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የአገሪቱ ጋዜጣና ራዲዮ ትንፍሽ አላሉም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የጋዜጣ ነፃነት በሕግ መሠረት የተጠበቀ ነው ይል ነበር። ምን ዋጋ አለው! ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት በመርማሪ እጅ ያልፋል። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ረሃቡን በፊልም ለዓለም አሳየ። የእኛ ሕዝብ ግን ያንኑ ፊልም በገዛ ቴሌቪዥኑ ያየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሡ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ነው፤ ያውም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር ተቀላቅሎ። እንግዲህ ልብ በሉ! መጀመሪያ ሥልጣንን ለማቆየት ተደበቀ፤ ኋላ ሥልጣንን ለመያዝ ተገለጠ። ለተራበው ሲባል፣ በጊዜው የተነገረ ነገር አልነበረም።

ከዚህ ትምህርት ይገኛል ሲባል ታሪኩ ተደገመ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ የሰሜኑ ረሃብ በበዓሉ ጭብጨባ ተዋጠ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የኮረምን መጠለያ ሲያሳይ ዓለም አለቀሰ። የኮረም ወሬ አዲስ አበባ ላይ ጎልቶ እንዲሰማ በለንደን በኩል መዞር ነበረበት ማለት ነው። የሕንዱ የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን ነፃ ጋዜጣና ዴሞክራሲ ባለበት አገር ከባድ ረሃብ አይደርስም ያሉት በከንቱ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

«ሕዝቡ ገና አልበሰለም፤ ብንለቀው ይሰዳደባል፣ ይፋጃል» የሚል መልስ እንሰማለን። እንዴ! በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አብዮታዊ መድረክ» የሚባል ዓምድ ተከፍቶ ተቃራኒ አቋም ያላቸው ሰዎች በብዕር ተከራክረውበት የለም ወይ? ቃላቸው መራራ ነበር፤ ግን ቃል ነበር። ክርክሩ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። በተከታዩ ዓመት በከተማችን የተናገረው ጥይት ነው። ወጣቱን የፈጀው የጋዜጣ ዓምድ አይደለም።

ሳንሱር ደግሞ ለባለቤቱም አይመለስም። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። «ኦሮማይ» የተባለው መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በወጣ ማግሥት ተለቅሞ ታገደ፤ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ማኅተሙን ዛሬ የያዘ ሰው ነገ ማኅተም ጠያቂ እንደሚሆን ከዚህ ይማር።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተለውጧል። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሳንሱርን አስቀረ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ማናቸውንም ዓይነት ቅድመ ምርመራ ከልክሏል። ነገር ግን መርማሪው በበሩ ሲወጣ በመስኮት ተመልሷል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሳምንታት ቆየ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ በጦርነቱ ዘመን ስልክና ኢንተርኔት ተቆርጦባት ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ አማራ ክልል ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት አጥቶ ነበር። የቀድሞው መርማሪ ቢያንስ አንብቦ ነበር የሚሰርዝ፤ መስመር ቆራጩ ግን ሳያነብ የሁሉንም አፍ ይዘጋል። እናት የልጇን ደኅንነት ሳታውቅ ታድራለች፤ ነጋዴው ይከስራል፤ ሐሜትና ሐሰት ግን መስመር ሳያስፈልጋቸው ይዛመታሉ።

ታዲያ ሰው ሁሉ እንዳሻው ይሳደብ፣ ወገን በወገን ላይ ያነሣሣ ማለታችን ነው? በፍጹም! ግን አንድ ሌባ አለ ተብሎ የሠፈሩ በር በሙሉ አይቸነከርም። ያጠፋ ሰው በስሙ ተጠርቶ፣ ማስረጃ ቀርቦበት፣ በሕግ ይጠየቅ። ለዚህም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 አለ፤ እሱ ራሱ የተቺ ማስፈራሪያ እንዳይሆን መጠበቅ የሁላችን ፈንታ ነው። ከተናገረ በኋላ መጠየቅ ሌላ፣ ሳይናገር አፉን መያዝ ሌላ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን እናቀርባለን።

1ኛ/ የሰሌዳው ግማሽ ለነዋሪዎች አስተያየት ይለቀቅ፤ ቅድመ ፈቃድ አይጠየቅበት።

2ኛ/ ኮሚቴውንም ሆነ እኛን አዘጋጆቹን የሚነቅፍ ጽሑፍ ማንም አይቅደደው። ኮሚቴው ቅር ካለው ከጎኑ መልሱን ይለጥፍ።

3ኛ/ የሚነሣው በዘርና በሃይማኖት የሚያዋርድ፣ እንዲሁም የሰው ቤት ገመና የሚያወጣ ብቻ ይሁን፤ ሲነሣም ምክንያቱ በቦታው ይጻፍ።

ይህ ሐሳብ የማይስማማው ሰው ካለ መቃወሚያውን ጽፎ ያምጣ። ከዚህ ጽሑፍ ጎን፣ አንድ ቃል ሳንሰርዝ፣ በገዛ እጃችን እንለጥፍለታለን።

የማስታወቂያ ሰሌዳው አዘጋጆች