ያላገባ ሰው ጎረቤት አይደለምን?

ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር፣ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ የሚጓዝ ሰው ጋሸናን አልፎ ፍላቂት ሲደርስ አውቶቡሱ ለጥቂት ጊዜ ቢቆምለት አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ያልፋል። ከተማይቱን የሚያውቃት በዚያችው ብርጭቆ መጠን ነው። ፍላቂት ግን የመቄት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ያለችበት ደጋ ግራና ቀኙ ገደል ነው፤ በአንዱ ወገን የዘነበው ወደ ተከዜ፣ በሌላው ወገን የዘነበው ወደ ዓባይ ይወርዳል። ስለዚህ ውሃ ባይከባትም ደሴት ናት ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። የደሴት ሰው ችግር ሲመጣበት የሚጠራው አጠገቡ ያለውን ሰው ነው። በፍላቂት ይህ መጠራራት ቅሬ ይባላል።

የአዲስ አበባ ሰው እድር የሚለውን ወሎዬ ቅሬ ይለዋል። ሰው የሞተ እንደሆነ ጡሩምባ ይነፋል። ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ መቃብሩ፣ ሴቶቹ እንጀራና ውሃ ይዘው ወደ ለቅሶው ቤት ይሄዳሉ። ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል። በኋላም ስም ይጠራና የቀረው ሰው መቀጮ ይከፍላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ያለ ደመወዝ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቀበሌ ሲቋቋም ቅሬ ቀድሞ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ መንግሥታት ሲለዋወጡ እርሱ ከቦታው አልተነሣም። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጀምሮ ጦርነቱ በላስታና በጋሸና ላይ ወርዶ፣ ባንኩ ተዘግቶ፣ ስልኩና መብራቱ ለወራት ጠፍቶ በነበረ ጊዜ፣ በዚያ አገር ሳይዘጋ የቀረው ጽሕፈት ቤት ይኸው ጽሕፈት ቤት የሌለው ማኅበር ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ያህል ካመሰገንሁት በኋላ አሁን ቅሬን ልወቅሰው ነው።

አንድ የማውቀው ወጣት ትምህርቱን ጨርሶ በከተማይቱ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ባለፈው በጋ ከአከራዩ አጥር ማዶ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዐረፉ። ወጣቱ እንደ ሰዉ ሁሉ ማልዶ ሄዶ ሲቆፍር አረፈደ፤ መሬቱ ድንጋያማ ነበርና እጁ ተላጠ። ከቀብር በኋላ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጠው ስም ሲጠሩ ያልመጡት ሰዎች ስም ሳይቀር ተጠራ፤ የእርሱ ግን አልተጠራም። ጠጋ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «አንተ ልጅ፣ አባትህ ማን ናቸው?» አሉት። አባቱ ቆላ ወርደው የሚኖሩ የሌላ ቅሬ ሰው መሆናቸውን ነገራቸው። «እንግዲያማ እዚያ ተጽፈሃላ!» ብለው መዝገቡን ዘጉት። ሰውየው ክፋት አላሰቡም፤ እንዲያውም እጁን አይተው «አይዞህ» ብለውታል። እርሱ ግን ከቁፋሮው ይልቅ የመዝገቡ መዘጋት እንዳደከመው ነገረኝ።

እኔም ነገሩን ይዤ ለአንድ የቅሬ ዳኛ አጫወትኋቸው። «ልጄ፣ ቅሬ የሚገባው ጎጆ ነው እንጂ ሰው አይደለም» አሉኝ። «ጎጆ የሌለው ሰው ሐዘን ቢደርስበት ድንኳኑን የት እንተክልለታለን? ተራው ሲደርስ እንጀራውን ማን ይጋግርለታል?» ለጊዜው መልስ አጣሁ። መቼም የሽማግሌ ክርክር እንዲህ ነው፤ መልሱ የሚመጣው ቤት ከገቡ በኋላ ነው።

በዳኛው ዘመን ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ሚስት አግብቶ፣ ከአባቱ መሬት ተቆርሶለት ጎጆ ይወጣ ነበር። ያላገባ ሁሉ ልጅ ነው ቢባል ያን ጊዜ እውነት ነበር። ዛሬ ግን የሚቆረስ መሬት አልተረፈም። ትምህርቱ እስከ ሃያ ሦስትና ሃያ አራት ዓመት ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ሥራ ፍለጋው አለ፤ ሥራው ቢገኝ ደግሞ ኪራዩ አለ። ሠላሳ ዓመት ሳያገባ የሚደርሰው ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ድምፅ የሚሰጥ፣ ደመወዝ ካገኘም ግብር የሚከፍል ሰው በቅሬ ፊት ገና የእገሌ ልጅ ነው። የሴቶቹ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከሩቅ ገጠር መጥታ ሻይ ቤት የምትሠራ፣ በአንዲት ክፍል ብቻዋን የምታድር ልጅ በሌሊት ብትሞት ጡሩምባው የሚነፋው በማን ስም ነው?

ስለ ደሴት ካነሣን ከ7,000 በላይ ደሴቶች ያሏትን ፊሊፒንስን እንመልከት። በዚያ አገር የመጨረሻው ትንሽ የአስተዳደር ክፍል ባራንጋይ ይባላል፤ የእኛን ቀበሌ ይመስላል። እነርሱም ባያኒሃን የሚሉት ደቦ አላቸው፤ ጎረቤት ቤቱን ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውር ሲፈልግ የቀርከሃ ጎጆውን እንዳለ ተሸክመው ይወስዱለታል። ለነገራችን የሚጠቅመው ግን በሕጋቸው ያለው ነው። ከ15 እስከ 30 ዓመት ያለ፣ ቢያንስ ስድስት ወር በባራንጋዩ የተቀመጠ ዜጋ፣ አገባ አላገባ ሳይባል በወጣቶች ጉባኤ ይመዘገባል። ጉባኤው ሳንጉኒያንግ ካባታአን የተባለውን ሸንጎ ይመርጣል፤ የሸንጎው ሊቀ መንበርም ከባራንጋዩ ሽማግሌዎች ጋር ይቀመጣል። ይህ ሲባል እዚያ ያለው ሁሉ ቅዱስ ነው ማለቴ አይደለም። የሹማምንት ልጆች ወንበሩን ያዙት የሚል ወቀሳ በዝቶበት እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሕግ የቅርብ ዘመዶቻቸውን ከልክሏል።

እኔ ለፍላቂት ሸንጎም በጀትም አልለምንም። የምለምነው በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ነው። ስድስት ወር ተከራይቶ የተቀመጠ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በራሱ ስም ይጻፍ። እንጀራ የሚጋግርለት የሌለው በእንጀራው ፈንታ አንድ ቀን ይቆፍር፣ እንጨት ይፍለጥ፣ ወይም ለሌሎቹ ውሃ ይቅዳ። ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑ በአከራዩ ደጅ ይተከል፤ አከራዩ ኪራዩን ሲቀበል ደጁን አልሰሰተምና።

መቄት አዲስ ነገር አይቀበልም የሚል ካለ፣ በ1990ዎቹ በመቋት ማርያም ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የእንግዳ ማረፊያ በገደሉ አፋፍ ላይ ሠርተው የውጭ አገር መንገደኛ እንዳሳደሩ ያስታውስ። ለባዕድ አልጋ ያዘጋጀ አገር ለራሱ ልጅ አንድ መስመር አይነፍግም።

«ዛሬ ተጽፎ ነገ አዲስ አበባ ቢሄድስ?» ይሉኝ ይሆናል። ይሄዳል። ባለትዳሩም ቤቱን ሸጦ ሲሄድ ይፋቃል እኮ። ወጣቱ እስኪሄድ ድረስ ግን ስሙ ይጠራ፤ ጡሩምባ ተነፍቶ ከቀረም እንደ ማንኛውም ሰው መቀጮውን ይክፈል። ያ ወዳጄ እንዲያ ቢቀጡት ደስ እያለው እንደሚከፍል ነግሮኛል።