ስም ያልወጣለት አዛዥ

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ባደረበት አንድ ማለዳ፣ ከደንበል ወደ ወሎ ሰፈር ሳቀና መኪናዬ ኦሎምፒያ ላይ ማርሽ መቀየር እምቢ አለች። ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ግን የሰማው አይመስልም። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ክላክሱን ለቀቀብኝ። አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ እንግፋ እንዴ?» አለኝ፤ ማላገጡ ይሁን ማዘኑ ዛሬም አልገባኝም። ጥግ ይዤ አጠፋኋት። ደግሜ ሳስነሣት ምንም እንዳልነበረባት ሄደች፤ ጥቂት እንደተጓዝን ግን ያው ሆነች።

ይህ ገጽ የግጥምና የወግ ገጽ መሆኑን አልዘነጋሁም። የምጽፈውም ስለ ቃል ነው። ነገሩ በመኪና በኩል ስለመጣብኝ ግን፣ በዚያው በኩል ልውሰዳችሁ።

በመጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ (ስሙ ይቆየን) ባለሙያው አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰና «ካምቢዮው አልቋል» አለ። ፍርዱ ሁለት ቃል ነበር። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ካምቢዮ ተፈልጎ ተገጠመ። የከፈልኩት ገንዘብ የግጥም መድበሌን ለማሳተም በአራት ዓመት ያጠራቀምኩት ነበር፤ ማተሚያ ቤቱ የሰጠኝ የዋጋ ማቅረቢያ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ከግጥሞቹ ጋር ተኝቷል። በሦስተኛው ሳምንት፣ ዝናብ በጣለ ማግሥት፣ ያችው ቢጫ መብራት በራች፤ መኪናዬም በሌላ መኪና ካምቢዮ ያንኑ የቀድሞ ሕመሟን ታመመች።

አንድ ወዳጄ ኦሎምፒያ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ወደሚሠሩ አዛውንት መካኒክ ወሰደኝ። ሠፈርተኛው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት «ዝናብ ሲዘንብ ይብስባታል?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። አዎን አልኳቸው። «እንግዲያው ካምቢዮው ምን አደረገ ልጄ? እሱ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። የታመመው አዛዡ ነው።»

አዛዥ! በቤተ መንግሥታችን ታሪክ የትልቅ ባለሥልጣን ማዕረግ የነበረው ቃል በዘይት በተጨማለቀ እጅ ተይዞ ሲመጣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ገንዘቤ እንደ ቀለጠ ለአፍታ ረሳሁት።

አዛዡ ምንድን ነው? በዛሬዎቹ አውቶማቲክ መኪኖች ብዙዎቹ ውስጥ የካምቢዮውን ሥራ የሚመራ አንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር አለ፤ ከኪስ መጽሐፍ ብዙ የማይበልጥ ሳጥን ነው። የካምቢዮው መግቢያና መውጫ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ፍጥነት፣ የነዳጅ መርገጫው የተረገጠበትን መጠን፣ የዘይቱን ሙቀት በሽቦ በሽቦ ይሰማል። ከሰማ በኋላ የዘይቱን መንገድ ለሚከፍቱና ለሚዘጉት ሶሌኖይዶች የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ይልካል፤ ዘይቱ በግፊት ሄዶ ማርሹን ያስይዛል። የሚሰማው ነገር እርስ በርሱ ሲጋጭበት፣ ወይም ራሱ ሲታመም፣ ትእዛዙ ይቋረጣል፤ ካምቢዮውም በአንድ ማርሽ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ፣ ተይዞ ይቀራል። ነጂው እንደምንም ቤቱ እንዲደርስ፣ ካምቢዮውም የባሰ እንዳይጎዳ ታስቦ የተበጀ ነው። ኦሎምፒያ ላይ እኔ እምቢታ ብዬ ያነበብኩት ጥንቃቄ ኖሯል።

እዚህ ላይ ነው ወደ ቃል የምመጣው። መካኒኮቻችን የመኪናን አካል የሚጠሩት በአብዛኛው በጣልያንኛ ነው። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ነው፤ ፍሬቻ ቀስት፤ ማርሚታ ድስት፤ ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ፤ ካምቢዮ ለውጥ፤ መኪና የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው ከጣልያንኛ ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ወጣ፤ ድስቱና ትራሱ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። በዚህ የሚያፍሩ የቋንቋ ተቆርቋሪዎች አሉ፤ እኔ አላፍርም። ቃሉ ከየትም ይምጣ፣ እያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ስም ነበረው። ፊደል ያልቆጠረ የጋራዥ ልጅ «ካቻቢቴ አምጣ» ሲባል መፍቻ አያመጣም። ስም ያለው ዕቃ ሊጠረጠር፣ ሊፈተሽ፣ ነጻ ሊወጣም ይችላል።

ኤሌክትሮኒክስ ከመጣ ወዲህ ግን ስም ማውጣት ትተናል። የሞተሩ፣ የፍሬኑ፣ የኤርባጉ፣ የካምቢዮው አዛዥ ሁሉ በአንድ ጆንያ ታጭቆ «ኮምፒዩተር» ይባላል። «ኮምፒዩተሩ ነው» ማለት «የሆነ ነገር ነው» ከማለት በምን ይሻላል? የመጀመሪያው ጋራዥ ካምቢዮውን የወነጀለው፣ በአፉ ላይ ያለው ስም ካምቢዮ ብቻ ስለነበረ ይመስለኛል። ስግብግብነት ነው እንጂ የቃል እጥረት አይደለም የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስግብግብ ሰው የሚመቸው ባለመኪናው የዕቃውን ስም በማያውቅበት ቦታ ነው፤ እኔም ያን ቀን ለመጠየቅ እንኳ ቃል አልነበረኝም።

የጋሼ ረዳት፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ መመርመሪያውን ሰክቶ ሁለት ቁጥሮች አነበበልን፦ ፒ0700 እና ዩ0101። የመጀመሪያው የማርሽ መቆጣጠሪያው ላይ ችግር አለ ከማለት አያልፍም፤ ሌላ ቦታ ሄደህ አንብብ እንደሚል የግርጌ ማስታወሻ ነው። ሁለተኛው፣ ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ከማርሹ አዛዥ ጋር መነጋገር እንዳቃታቸው ይናገራል። ለምን እንዳቃታቸው ግን አይናገርም። ሽቦ ተበጥሶ ይሆናል፤ ባትሪው ደክሞ ይሆናል፤ ሳጥኑ ሞቶም ይሆናል። ቁጥሩን አይቶ ወዲያው ሳጥን የሚገዛ ሰው፣ የመጽሐፉን ሽፋን አይቶ ሂስ ከሚጽፈው ወዳጃችን አይለይም። (እነማን እንደሆኑ እናንተም እኔም እናውቃለን።)

በሽታው የድኻ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፎርድ በአሜሪካ ለሸጣቸው አንዳንድ የፎከስና የፊየስታ ሞዴሎች የዚህን የማርሽ አዛዥ ዋስትና በ2014 እ.ኤ.አ. ወደ 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ለማራዘም ተገዷል። ቶዮታም በነሐሴ 2002 ዓ.ም. በአሜሪካና በካናዳ ከ1 ሚሊዮን በላይ የኮሮላና የማትሪክስ መኪኖችን የጠራው የሞተሩ ኮምፒዩተር ውስጥ የብየዳ ነጥብ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ነበር፤ ከምልክቶቹ አንዱ ማርሽ ሲቀየር መንገጫገጭ ነው። እዚያ ግን ዕቃው በስሙ ተጠርቶ፣ ቁጥሩ ተጠቅሶ፣ ለባለመኪናው በደብዳቤ ይነገረዋል። እኛ ዘንድ ደብዳቤ ጸሐፊውም ተቀባዩም መካኒኩ ነው።

ወደ ጋሼ ግቢ ልመለስ። ሳጥኑን ለመንካት አልቸኮሉም። ባትሪውን ሞተሩ ጠፍቶም ተነሥቶም ለኩ፤ ከባትሪው ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን ሽቦ ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉ። ቀጥለው የሳጥኑን መሰኪያ ነቀሉ። ከውስጡ አረንጓዴ ዝገት ወጣ፤ ልክ እንደ ቆየ የመዳብ መስቀል። ውኃ ገብቷል። ሳጥኑ ሲከፈት ዝገቱ የውስጡን ቀጫጭን መስመሮች በልቷቸው ነበር። መቀየሩ አልቀረም ማለት ነው፤ ሆኖም ጋሼ «ውኃው የገባበትን ሳላገኝ አዲስ አላስርም» ብለው ሁለት ሰዓት ሙሉ በባልዲ ውኃ እያፈሰሱ ፈለጉ። የደረቀ ጎሚኒ ነበር። የአንድ ጎሚኒ ነገር!

ከሶማሌ ተራ የመጣው የመጀመሪያው ሳጥን መልኩ ቁርጥ የእኔውን ነበር፤ መሰኪያውም ይገባል። ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ግን በመጨረሻው ፊደል ይለያል። ሻጩ በስልክ «ያው ነው፣ ይሠራል» እያለ ሲምል ጋሼ መለሱለት። ተመሳሳይ መልክ ያለው ሳጥን ለሌላ ሞተር ወይም ለሌላ ካምቢዮ የተጻፈ ትእዛዝ ሊይዝ ይችላልና ነው። ሁለተኛው ቁጥሩ ገጠመ። ልጁ የቆዩትን ስሕተቶች ሰርዞ፣ አዛዡ የእኔን ካምቢዮ ጠባይ እንዲለምድ ከቀዝቃዛ ሞተር ጀምሮ ቀስ እያለ ከማርሽ ወደ ማርሽ ነዳት። ያገለገለ አዛዥ የቀድሞ ቤቱን ልማድ ይዞ ይመጣል፤ እስኪረሳው ጥቂት ቀን ትንገጫገጫለች አሉኝ። እውነትም ሳምንት ያህል እንግዳ ነገር ነበረባት፤ ከዚያ ተወችው።

ይህ ሁሉ የአንድ አሮጌ መኪና ጉዳይ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። እንግዲህ ያሉት መኪኖች ረጅም ዕድሜ መኖር አለባቸው፤ አዲስ የሚገቡት የኤሌክትሪኮቹ ደግሞ ካንዴላ የላቸው፣ ማርሚታ የላቸው፤ አብዛኛው ነገራቸው አዛዥ ነው። ኦሎምፒያ ላይ ቆሜ በየቀኑ ሲያልፉ አያቸዋለሁ፣ ድምፅ የላቸውም። ጣልያንኛው ለእነርሱ አይበቃም፤ «ኮምፒዩተሩ ነው» የሚለውም አይበቃም። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብለው ቃል ከሚፈጥሩልን፣ አንድ ወር የጋሼ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቢያዳምጡ እመርጣለሁ። የማርሽ አዛዥ፣ የሞተር አዛዥ፣ የፍሬን አዛዥ፤ ሦስቱም እዚያ ሲነገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሂሳቤን ከፍዬ ልወጣ ስል ልጁ የሞተውን ሳጥን መደርደሪያ ላይ ሊያኖረው ነበር፤ ከውስጡ የሚተርፍ ነገር አይጠፋም ይላሉ። ነጭ ፕላስተር ቆርጦ ለጠፈበትና በእስክሪብቶ «የማርሽ ኣዛዢ፣ ውኃ የገባው» ብሎ ጻፈ። ፊደሉን ላርምለት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።