ስቴፐር ወይስ ሰርቮ? ከሞተሩ በፊት ማሽኑ ይመዘን

በትርፍ ጊዜም ሆነ ለመመረቂያ ፕሮጀክት አነስተኛ የሲኤንሲ ማሽን የሚሠሩ ሰዎች በብዛት ከሚከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ የሞተር ምርጫ ነው። ስቴፐር የጀማሪ፣ ሰርቮ ደግሞ የባለሙያ ሞተር ነው የሚለው አመለካከት ሥር እየሰደደ መጥቷል። ይህ አመለካከት ውስን በጀት ያለቦታው እንዲወጣ ያደርጋል። ምርጫው መነሣት ያለበት ማሽኑ ከሚሠራበት ፍጥነትና ሳይታወቅ የሚያልፍ የአቀማመጥ ስሕተት ከሚያስከትለው ኪሳራ ነው።

የሁለቱ መሠረታዊ ልዩነት ግልጽ ነው። በተለመደው አሠራር የስቴፐር መቆጣጠሪያ የላከውን ፐልስ ይቆጥራል እንጂ ዘንጉ መዞሩን አያረጋግጥም። ሰርቮ ግን የዘንጉን አቀማመጥ በኢንኮደር እየለካ ልዩነቱን ያርማል፤ ልዩነቱ ከተፈቀደው ወሰን ሲያልፍም ሥራውን ያቆማል።

ይህ ብልጫ የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ በስሌት ማየት ይቻላል። በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚያስኬድ ቦል ስክሩ ያለው አነስተኛ ማሽን በደቂቃ 1,500 ሚሊ ሜትር እንዲጓዝ የሚያስፈልገው በደቂቃ 300 ዙር ብቻ ነው። በደቂቃ 3,000 ዙር የሚሠራ የ400 ዋት ሰርቮ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ቶርክ 1.27 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በአንጻሩ 2 ኒውተን ሜትር የመያዣ ቶርክ ያለው ስቴፐር በቀላሉ ይገኛል። ይሁንና ስቴፐሩ ፍጥነቱ ሲጨምር የጥቅልሉ ኢንዳክታንስ ኤሌክትሪኩ በቶሎ እንዳይገባ ስለሚያግድ ቶርኩ ይወርዳል። ሰርቮው ግን ቶርኩን እስከ ተመደበለት የሥራ ፍጥነት ይዞ ይዘልቃል፤ ለአጭር ጊዜም ሦስት እጥፍ ያህል ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ በዝግታ ብረት ለሚቆርጥ ማሽን በቂ ቮልቴጅ ያገኘ ስቴፐር ያንሳል ማለት አይቻልም።

ሰርቮ ትክክለኛነትን ይጨምራል የሚለው መከራከሪያም ጥንቃቄ ይሻል። ሞተሩ ላይ የተገጠመ ኢንኮደር የሚለካው የሞተሩን ዘንግ እንጂ የመቁረጫውን ጫፍ አይደለም። የስክሩው ልቅነትና የፍሬሙ መተጣጠፍ ከዕይታው ውጭ ናቸው። ፍሬሙ የላላ ማሽን ሰርቮ ስለተገጠመለት አይጠነክርም።

መቆጣጠሪያውም አይዘነጋ። በአርዱዪኖ ኡኖ ላይ የሚሠራው ግርብል በሰከንድ 30,000 ፐልስ ያህል ይልካል። በአንድ ዙር 10,000 ፐልስ የሚጠብቅ ሰርቮ ከዚህ ጋር ቢገናኝ በደቂቃ ከ180 ዙር በላይ አይሄድም። በድራይቨሩ ኤሌክትሮኒክ ጊር በአንድ ዙር የሚፈለገውን ፐልስ መቀነስ ቢቻልም፣ የትእዛዙ ጥራት አብሮ ይቀንሳል።

ሰርቮ ተገቢ የሚሆንበት ቦታ የለም ማለት ግን አይደለም። በከፍተኛ ፍጥነት ረጅም ርቀት ለሚመላለስ ራውተር፣ ወይም አንድ የጠፋ እርምጃ የብዙ ሰዓት ሥራና ውድ ጥሬ ዕቃ ለሚያበላሽበት ሥራ ተጨማሪው ወጪ ይገባዋል። በመካከል ያለው ኢንኮደር የተገጠመለት ስቴፐርም የቶርኩን መውረድ ባያስቀርም የእርምጃ መጥፋትን ያሳውቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ወርክሾፕ ግን ከሰርቮ የተለየ መፍትሔ መጠበቅ አይገባም፤ ኢንክሪመንታል ኢንኮደር ያለው ሰርቮ ኃይል ሲቋረጥ እንደ ስቴፐሩ ሁሉ አቀማመጡን ያጣል።

እንግዲህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል የመቁረጥ ኃይሉን፣ የሚንቀሳቀሰውን ክብደትና የሚፈለገውን ፍጥነት አስልቶ ውጤቱን ከሞተሩ የቶርክና የፍጥነት ግራፍ ጋር ማነጻጸር ነው። የመያዣ ቶርክ ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይችልም። በሥራው ፍጥነት ስቴፐሩ የሚሰጠው ቶርክ ከሚፈለገው እጥፍ ከሆነ፣ ለሰርቮ ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ ለፍሬሙና ለስክሩው ቢውል የተሻለ ማሽን ያስገኛል። የሞተር ምርጫቸውን በዚህ ስሌት የማያስደግፉ የመመረቂያ ሥራዎች ማሽን ገጣጥመው ሊያሳዩ ይችላሉ፤ የምሕንድስና ውሳኔ ወስደዋል ለማለት ግን ያስቸግራል።