ቀስት ሌላ፣ ፍላጻ ሌላ

በዛሬው አማርኛችን «ቀስት» የማይሆነው ነገር የለም። አውታር የተወጠረበትን ጉብጥ እንጨት ቀስት እንለዋለን፤ ከእርሱ ተስፈንጥሮ የሚሄደውንም ቀስት፤ በየመንገዱ ዳር አቅጣጫ የምታመለክተውን ምልክትም እንዲሁ። «ቀስተ ደመና» የሚለው ስም ግን የቃሉን የጥንት ልክ ጠብቆ ይኖራል፤ ሰማይ ላይ የምናየው ጉብጡን ነውና። ተወርዋሪው ፍላጻ ነው። ይህን ልዩነት መጠበቅ የቃላት ጣጣ የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። እኔ ግን በቀስት የሚያድን ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ካሰበ ዕዳውን የሚከፍለው እንስሳው ነው ባይ ነኝ።

በግጥም ውስጥ ፍላጻ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጨረር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እውነተኛው ፍላጻ ግን ይለመጣል። አውታሩ ከኋላ በድንገት ሲገፋው ከባዱ ጫፍ ለመንቀሳቀስ ይዘገያል፤ ስለዚህ ዘንጉ መሐሉ ላይ ይጎብጣል፤ ከዚያም እንደ ዓሣ ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ የቀስቱን እጀታ ዞሮ ያልፋል። ክላረንስ ሂክማን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በፈጣን ካሜራ ቀርጾ ያሳየው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ የዘንጉ ግትርነት ከቀስቱ ጉልበት ጋር መስማማት አለበት። ሲለኩት 28 ኢንች (71 ሴንቲ ሜትር ያህል) በተራራቁ ሁለት መደገፊያዎች ላይ አጋድመው መሐሉ ላይ 880 ግራም ያህል ይሰቅሉበታል፤ «500» የተጻፈበት ዘንግ ግማሽ ኢንች የጎበጠ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ዘንጉ ይለሰልሳል ማለት ነው። ሆሊስ ዊልበር አለን እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት ያገኘበት ባለመዘውር ቀስት እንኳ፣ ያን ያህል ብልሃት ተሸክሞ፣ ከዚህ ሕግ አላመለጠም።

ስምምነቱ መኖሩን የሚመሰክረው ተራ ወረቀት ነው። በክፈፍ ላይ ወጥረው፣ ከሁለት ሜትር ያህል ርቀት ይወረውሩበታል። አንድ ክብ ቀዳዳና የላባዎቹ ስንጥቅ ብቻ ከታየ መልካም። ጭራው ወደ ላይ ከቀደደ ግን ፍላጻው አውታሩ ላይ የሚሰካበት ነጥብ ከፍ ብሏልና ጥቂት ዝቅ ይደረጋል። ጠንቃቃው አዳኝ ደግሞ ላባ የሌለው ዘንግም ወርውሮ ይፈትናል፤ ላባ ጥፋት ይሸፍናልና።

«ላባው መንገድ ላይ ያቃናው የለምን?» የሚሉ አሉ። ያቃናዋል፤ ግን ጉልበቱን ከፍሎ ነው። ፍላጻ እንደ ጥይት በምት አይገድልም፤ ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው። ተንጋዶ የገባ ፍላጻ ኃይሉን በጎን አባክኖ ጠልቆ ሳይገባ ይቀራል፤ ድኩላው ቁስሉን ይዞ ቁጥቋጦ ውስጥ ይሰወራል። ይህን ዕድል ነው ብሎ የሚያልፍ አዳኝ አይገባኝም።

ሰፊው ስለታም የአደን ጫፍ ሲገጠም ነገሩ ይብሳል። ስለቶቹ ከፊት እንደ ክንፍ አየሩን ይይዙና ከኋላው ላባ ጋር ይታገላሉ፤ ስለዚህ በልምምድ ጫፍ አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ የነበሩት ፍላጻዎች ወደ ጎን ይሸሻሉ። ያን ጊዜ የፍላጻው ማረፊያ የልምምድ ጫፎቹ ወዳረፉበት በኩል በሚሊ ሜትር ሽራፊ ይገፋል፤ እንደገና ይወረወራል፤ እንደገና ይገፋል። አንዳንዱ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል፤ ሌላው ሳምንት ይፈጅበታል፤ ያን ሳምንት ጫካ አለመግባት ነው።