የኮምፒዩተር ከበሮና የሰው እጅ

በአገራችን ዘፈን የሌለበት ሠርግ አይታወቅም። ዛሬ ግን በየዳሱ ከበሮውን የሚመታው ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተር ሆኗል። ስለዚህ አንዳንዶች «ለዛ የለውምና ከሠርጋችን ይውጣ» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ዘመኑ ያመጣውን እንዳለ እንቀበል» ይላሉ። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለኛል።

ይህን አሳብ ያገኘሁት ከራሴ ስሕተት ነው። ባለፈው ጥር በጀውሃ እኅቴ ስትዳር፥ የከበሮውን ምት በኮምፒዩተር እኔው አዘጋጅቼ በድምፅ ማጉያ ለቀቅሁት። ምቱ እንደ ሰዓት ቀጥ ብሎ ሄደ። ነገር ግን ጭብጨባው ቀዘቀዘ፤ እስክስታ የጀመሩትም አንድ በአንድ ተቀመጡ። ኋላ ታላቋ አክስቴ ከበሮውን አንግተው ሲመቱ ዳሱ በእልልታ ተናወጠ። እኔም ባፍርም ምክንያቱን ለማወቅ ቈረጥሁ።

የሙዚቃው ፕሮግራም ሲከፈት እያንዳንዱን ምት በአራት ከፍሎ ያሰምራል። የእኛ ችክችካ ግን በሦስት በሦስት የሚከፈል፥ ስድስት ላይ የሚዞር ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ስሕተቴ የእኛን እህል በሌላ ሰው ቁና መስፈሬ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ «ኳንታይዝ» በሚባለው ትእዛዝ ምቱን ሁሉ ከመሥመሩ ላይ መቸንከሬ ነው። ሦስተኛም፥ የምት ኃይል ከ1 እስከ 127 ሊመደብ ሲቻል እኔ ሁሉንም 100 አድርጌው ነበር።

አንድ ጓደኛዬ «ሂዩማናይዝ የሚለውን ተጫን፤ ሰው ይመስልልሃል» አለኝ። ይህ ትእዛዝ ምቶቹን እንደ ዕጣ ወዲያና ወዲህ ስለሚበትናቸው፥ ያገኘሁት የሰካራም ከበሮ ነው። በመጨረሻ የአክስቴን አመታት በስልክ ቀድቼ ከመሥመሩ ጋር ባስተያየው፥ የሚያዘገዩት ሁልጊዜ ያንኑ አንዱን ምት፥ የሚያጠብቁትም ያንኑ አንዱን ሆኖ አገኘሁት። የሰው ለዛ ስሕተት አይደለም፤ እጅ የለመደው ሥርዓት ነው።

ይህንንም የውጭ ባለሙያዎች ቀድመው ተረድተውታል። አሜሪካዊው ሮጀር ሊን፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ባወጣው የከበሮ መኪና ላይ «ስዊንግ» የተባለውን ሲያስገባ፥ ከጥንድ ምቶች ሁለተኛውን በልክ አዘገየ እንጂ በዕጣ አልበተነም። የእኛው ኃይሉ መርጊያም በ1985 በዋሽንግተን ከተማ አኮርዲዮኑን ከከበሮ መኪና ጋር አጣምሮ ቀርጿል። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጣቶቹ በላዩ ይተነፍሳሉ፤ ያም ሥራ በ2013 ዳግመኛ ታትሞ በብዙ አገር ተደምጧል። ስለዚህ ጠላታችን መኪናው አይደለም።

እኔም የአክስቴን ሥርዓት በኮምፒዩተሩ ላይ ምት በምት ጻፍሁት። ባሰማኋቸው ጊዜ ምንም ሳይናገሩ ትከሻቸው ተነቃነቀ። ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች! ኮምፒዩተር ያላስተማሩትን አያውቅም። የይፋት ሠርግ፥ የአውድማ ዘፈንና የመንዙማ ድቤ የየራሳቸው አመታት አላቸው፤ የሚያውቁትም እናቶችና አባቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ስለዚህ የሙዚቃ ክበባችን በመጪው ክረምት በየቀበሌያችን ያለውን ምት በስልክ ቀድቶ እንዲያስቀምጥ አሳስባለሁ። መኪናው እንዲመታልን ከፈለግን፥ አስቀድመን እኛው ማጨብጨብ እንወቅ።