ዘር ሁሉ እህል አይደለም

በዛሬው ገጻችን ላጫውታችሁ ያሰብሁት ስለ ውሻ ምግብ ነው። ይህን ስታነቡ ፈገግ የምትሉ አትጠፉም፤ «ሰውዬው የሚጽፈው ቢያጣ ወደ ውሻ ገባ» የሚልም ይኖራል። ነገር ግን ታገሡኝና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ነገሩ የውሻ ብቻ ሳይሆን የእኔና የእናንተም፥ ማለት ጥቂት ተምረን ብዙ መናገር የለመድን ሰዎች ነገር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የምኖረው በአንዲት ደግ እናት ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። ሴትዮዋን የሰፈሩ ሰው ሁሉ እማማ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። አንድ የዐሥር ዓመት የልጅ ልጅ አብሯቸው ይኖራል። ይህ ልጅ ቡቺ የሚባል፥ ገና ስድስት ወር ያልሞላው፥ አንዱ ጆሮው የቆመ ሌላው የተጋደመ ቡችላ ነበረው። «ነበረው» ማለቴን ልብ በሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም ልጁ መጣና «ጋሼ፥ ቡቺ ሆዱ ተነፍቷል፤ ትልም ወጥቶታል። የዱባ ፍሬ ያሽረዋል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ዓይኔን ከደብተሩ ሳላነሣ «አዎን፥ ዘር ጥሩ ነው፤ ፈጭተህ ከምግቡ ጋር ስጠው» አልሁት። የተናገርሁት ይህን ብቻ ነው። «የዱባ» የምትለውን ቃል አልደገምኋትም፤ ምን ያህል እንደሚሰጥም፥ ሌላ ዘር እንዳይነካም አልነገርሁትም። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፥ ቃሌ ከአፌ ወጥታ ሄደች።

በዚያን ቀን በቤት ውስጥ የዱባ ፍሬ አልነበረም። ልጁም የነገሩትን የማይረሳ ነውና «ዘር» ያልሁትን ፍለጋ ወደ ማድ ቤት ገባ፤ ከምጣዱም አጠገብ በጨርቅ የተቋጠረ ፍሬ አገኘ። እማማ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን እናቶች ምጣዳቸውን የሚያስሱት በጉሎ ነው። ልጁ ከቋጠሮው ጥቂት ፍሬ ወስዶ በሙቀጫ ወቀጠና ከተራረፈ ሥጋ ጋር ለውሶ አቀረበለት። ቡቺም ጅራቱን እየቆላ በላ።

ማታ ቡቺ አስመለሰው። እማማ «ውሻ ያስመልሳል፥ ምን አዲስ ነገር አለ?» አሉ። እኔም «ትሉ ሊወጣለት ይሆናል» ብዬ ተኛሁ፤ ሁለተኛው ስሕተቴ ይኸው ነው። ሲነጋ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያጣድፈው ጀመር፤ መቆምም ተሳነው። በካርቶን አድርገን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙ «ምን በልቷል?» ቢል ሁላችንም ዝም አልን። በመጨረሻ ልጁ ከኪሱ አንዲት የተረፈች ፍሬ አውጥቶ አሳየው። ሐኪሙ ፍሬዋን አገላብጦ ተመለከተና «ምነው ትናንት ማታ ባመጣችሁት» አለ እንጂ አልተቆጣንም። በደም ሥሩ ፈሳሽ ሰጠው፤ የሚቻለውን ሁሉ አደረገ። ቡቺ ግን በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ልጁ አላለቀሰም። ወደ እኔ ቀና ብሎ «ጋሼ፥ ዘር ስጠው አላሉኝም?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። የዘገየው መልሴ ይኸው ይህ ጽሑፍ ነው።

ጉሎ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የተፈጥሮ አገሩ ይኸው የእኛው ምሥራቅ አፍሪካ ነው፤ በየአጥሩ ሥርና በየመንገዱ ዳር ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። የላቲን ስሙ «ሪሲኑስ» ሲሆን ትርጓሜው መዥገር ማለት ነው። ፍሬውን አንድ ጊዜ ያየ ሰው በስሙ አይደነቅም፤ ዥንጉርጉርና ሞላላ ሆኖ፥ ደም ጠጥቶ ከውሻ ጆሮ ሥር የተጣበቀ መዥገር ይመስላል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ስቲልማርክ የተባለ ሰው ዛሬ ኤስቶኒያ በምትባለው አገር በሚገኘው በዶርፓት ዩኒቨርሲቲ ለዶክተርነት ሲማር ከዚህ ፍሬ ውስጥ መርዙን ለይቶ አወጣና «ሪሲን» ብሎ ሰየመው። ሪሲን ወደ ሰውነት ሕዋስ ሲገባ ሕዋሱ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ፕሮቲን መሥራት ያቆመ ሕዋስ ደግሞ ይሞታል። ለዚህ መርዝ በሐኪም ቤት የሚገኝ ማርከሻ የለም፤ ሐኪም የሚያደርገው መርዙ ሳይሰርጽ ከሆድ እንዲወጣ መርዳትና የጠፋውን ፈሳሽ መተካት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የጉሎ ፍሬ ሽፋኑ ጠንካራ ነው። ውሻ ሳያኝክ ቢውጠው ፍሬው እንዳለ ሳይጎዳው ሊያልፍ ይችላል። የታኘከ ወይም የተወቀጠ ሲሆን ግን መርዙ በሙሉ ይለቀቃል። እኔ ደግሞ «ፈጭተህ ስጠው» ብዬ ነበር።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ጉሎ የበሉ የ98 ውሾችን ታሪክ መርምሮ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የሞቱት ወይም ሥቃያቸው እንዲያበቃ የተገደሉት ከመቶ 9 ያህሉ ናቸው። እንግዲህ አብዛኞቹ ተርፈዋል ማለት ነው። ስለዚህ ጉሎ የበላ ውሻ ሁሉ ሞተ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ነገር ግን እንደ እኔ እስኪነጋ አትጠብቁ። ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ ከበላ ከጥቂት ሰዓት በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም ከአንድ ቀን በኋላ ይጀምራልና፥ «እስካሁን ምንም አልሆነ» ብሎ መቀመጥ ዋስትና አይሆንም።

በወጉ የተጨመቀ የጉሎ ዘይት ግን ሪሲን የለበትም፤ መርዙ በዘይት ስለማይሟሟ የሚቀረው በፋጉሎው ውስጥ ነው። በሌሎች አገሮች የጉሎ ፋጉሎ ለአበባ ማዳበሪያ ይሸጣል፤ አንዳንዱም ከአጥንት ዱቄት ጋር ስለሚቀላቀል ውሾች በሽታው ተስበው አፈሩን እየጫሩ በልተውት ታመዋል። በከፍተኛ ሙቀት መርዙ ያልከሸፈ የጉሎ ፋጉሎ እንደ ኑግ ፋጉሎ መኖ ነው ብሎ ለእንስሳ መስጠት አይገባም።

እንግዲህ ሌሎቹንም ዘሮች በየተራ እንመልከታቸው።

መጀመሪያ ያ ልጅ የጠየቀኝ የዱባ ፍሬ። የደረቀ ወይም ጨው ሳይነካው የታመሰ፥ ከልጣጩ የተፈለፈለና የተፈጨ የዱባ ፍሬ ለውሻ አይጎዳም፤ ለትንሽ ቡችላ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ባያልፍ ደግ ነው። ትል ያወጣል የሚባለው ጨርሶ ተረት አይደለም፤ በውስጡ ኩኩርቢቲን የሚባል ትልን የሚያደነዝዝ ነገር አለ። ነገር ግን የሚታመኑበት መድኃኒት አይደለም። ሐኪም የሚሰጠው፥ ለምሳሌ ለኮሶ ትል ዓይነቱ ፕራዚኳንቴል የሚባለው፥ እጅግ የተሻለ ነው። ይህም ለውሻው ብቻ አይደለም፤ በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ የምናየውን በውኃ የተሞላ እብጠት የበላ ውሻ ትሉን በሆዱ ያሳድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ወደ ሰው እጅ፥ ከእጅም ወደ አፍ ገብቶ በሰው ጉበት ላይ ያንኑ እብጠት ያበቅላል። ቡችላ አቅፎ የሚያድር ልጅ ባለበት ቤት የውሻ ትል የቤተሰቡ ጉዳይ ነው።

ተልባ፥ ታምሶና ተፈጭቶ በጥቂቱ ሲሆን መልካም ነው፤ ጠጉሩን ያለሰልሳል፥ ሆዱንም ያላላል። ከበዛ ግን ያስቀምጠዋል፤ በደረቁም ስለሚያብጥ ውኃ ሳይኖር አይሰጥም። ሰሊጥ በጥቂቱ አይጎዳም። የሱፍ አበባ ፍሬም ቅርፊቱ ከወለቀና ጨው ከሌለበት እንዲሁ ነው። ለውዝም ጨው ሳይኖረው ጥቂት ፍሬ ቢቀምስ ክፉ አይደለም፤ ቅባቱ ብዙ ስለ ሆነ ግን ሲበዛ ቆሽቱን ያሳምመዋል።

ስለ ለውዝ ካነሣሁ ሻጋታን ሳልጠቅስ አላልፍም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉ ከ100,000 የሚበልጡ ለማዳ ወፎች ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ሲመረመር በሽታው ከሻገተ የለውዝ መኖ የመጣ መርዝ ሆኖ ተገኘ፤ ስሙም አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ የውሻንም ጉበት ያጠፋል። «የሻገተውን ለውሻ ስጡት» የሚባለው ልማድ ስለዚህ ክፉ ልማድ ነው፤ ለእኛ የማይሆን ሻጋታ ለእርሱም አይሆንም።

ቡናም ዘር ነው፤ ይህንን ግን ብዙዎቻችን እንዘነጋዋለን። ቡና የበሉት ፍየሎች ጨፈሩ እየተባለ ሲተረት ሰምተናል፤ ውሻ ግን ከቡና የሚያገኘው ጭፈራ ሳይሆን መንቀጥቀጥ ነው። ካፌይን ለእያንዳንዱ ኪሎ የውሻ ክብደት ወደ 20 ሚሊ ግራም ሲደርስ መቅበጥበጥና ማስመለስ ይጀምራል፤ ሲበዛም ልቡን ያስመታል፥ ያንዘፈዝፈዋል፥ ይገድለዋልም። የእኛ ቡና በ1 ግራም ውስጥ 12 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን ስላለው፥ ለ5 ኪሎ ቡችላ 8 ግራም፥ ማለት አንድ እፍኝ የማይሞላ ቡና፥ የችግሩ መጀመሪያ ነው። መቁላትም ካፌይኑን አያጠፋውም። ቡና ሲወጣ ረከቦቱ ሥር የሚልከሰከስ ቡችላ ካላችሁ ጥሬውንም ቁሉንም አተላውንም ከአፉ አርቁ።

የኮክ፥ የፕሪምና የፖም ፍሬ ውስጥ ሲታኘክ ሲያናይድ የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ነገር አለ። ሁለት ሦስት የፖም ፍሬ የዋጠ ውሻ ይሞታል ማለቴ አይደለም። የኮክ አስኳል ግን ቢሰበር በመርዙ፥ ባይሰበር ደግሞ አንጀት ዘግቶ ይጎዳል። የአቮካዶ ፍሬም በትልቅነቱ ጉሮሮና አንጀት ይዘጋል። በቆሻሻ ቦታ የሚበቅለው የአጤ ፋሪስ ፍሬ፥ አንዳንዱ አስተናግር የሚለው፥ ለሰውም ለውሻም መርዝ ነው። ግብጦም ለሰው የሚቀርበው ተቀቅሎ መራራው እስኪለቅ ለቀናት በውኃ ተዘፍዝፎ ነው፤ ያ መራራ ነገር መርዝ ነውና ጥሬውን ውሻ እንዳያገኘው።

አሁን ከተነገረው ሁሉ ይልቅ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ውሻችሁ የማታውቁትን ዘር ከበላ፥ አንደኛ፥ የተረፈውን ፍሬ ያዙ፤ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ «ምን በላ?» ብሎ ነው። ሁለተኛ፥ ምን ያህልና በስንት ሰዓት እንደ በላ አስታውሱ። ሦስተኛ፥ በቤት ውስጥ ጨው በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ሌላ መርዝ መጨመር ነውና አታድርጉት። አራተኛ፥ ሕመም እስኪታይ ሳትጠብቁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ።

እማማ ዛሬ ጉሏቸውን የሚያስቀምጡት ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ፥ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ነው። «ስንት ዓመት ሙሉ ስሠራበት ልጅ ይበላዋል ብዬ አስቤ አላውቅም» ይሉኛል። ፍሬው ሰውንም የሚገድል መሆኑን የነገርኋቸው ቀን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና ልጁን ጠርተው ራሱን ዳበሱት። በቡቺ ፈንታ ልጁ ራሱ ቀምሶት ቢሆንስ ኖሮ? እኔም ያንን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኛ ተምረናል የምንባል ሰዎች ሰፈሩ ያምነናል። እናት ደብዳቤ ታስነብበናለች፤ ጎረቤት የመድኃኒት ብልቃጥ ይዞ መጥቶ «ይህ ምን ይላል?» ይለናል፤ ልጅ «እውነት ነው?» ይለናል። ያላወቁ አለቁ ይባላል፤ ነገር ግን በከፊል ያወቀ ሰው የተናገረውን ሰምቶ የሚያልቅም አለ። «አላውቅም፥ ቆይ ልጠይቅልህ» ማለት ዲፕሎማችንን አያጎድልብንም።

ባለፈው ሳምንት ያው ልጅ ደብተር ሳርም መጣ። በእጁ አንድ ፍሬ ይዞ «ጋሼ፥ ይኼስ ምንድን ነው?» አለኝ። ብዕሬን አስቀመጥሁና ፍሬውን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰድሁት።