ሰብር ማለት ሕመምን ደብቆ ዝም ማለት አይደለም



ባለፈው ረመዷን በመስጂዳችን የኢፍጣር ማዕድ ላይ አንዲት እናት ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። አዛን ሲል ቢስሚላህ ብለው አንድ ቴምር አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ወዲያው ፊታቸው ተለዋወጠ። ቴምሩን በሶፍት ሸሸግ አድርገው አወጡትና ውሃ ሊጎነጩ ሞከሩ፤ እሱም አቃታቸው። የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ስለሆኑ እንደማይጾሙ አውቃለሁ፤ የመጡት ከጀመዓው ላለመለየት ነው።

“እማማ፣ ምን ሆነው ነው?” አልኳቸው።

“አፌ ቆስሎ ነው ልጄ። ምግብ የሚባል ካልቀመስኩ አራተኛ ቀኔ ነው።”

ለሐኪማቸው ነግረው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። “እነሱ በትልቁ በሽታ እየተጨነቁ እኔ ስለ አፌ ላውራ? ሰብር ነው እንጂ ምን ይደረጋል!” አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ይህ መልሳቸው ነው። ሰብር ትልቅ ዒባዳ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ሰብርን ከዝምታ ጋር ቀላቅለነዋል፤ በካንሰር ሕክምና ላይ ላለች ሴት ደግሞ ይህ ዝምታ ዋጋ ያስከፍላታል።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ እማማን ይዤ መስጂዱ አጠገብ ወዳለው ፋርማሲ ሄድን። የሚወስዱት ካፔሲታቢን የተባለ፣ ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ የካንሰር ኪኒን ነው። ፋርማሲስቱ ወጣት ወንድ ስለነበር እማማ አፍረው ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። እሱም ገባውና ከሰው ራቅ ወዳለች ትንሽ ክፍል ወስዶ አስቀመጠን። ኪኒኑን ከጀመሩ ስንተኛ ቀናቸው እንደሆነ፣ ውሃ ይወርድላቸው እንደሆነ፣ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ እንዳላቸው፣ ሌላ ምን እንደሚወስዱ በእርጋታ ጠየቃቸው።

ሲጠየቁ ብዙ ነገር ወጣ። ልጃቸው ለአፋቸው ብሎ አልኮል ያለበት መጉመጥመጫ ገዝቶላቸዋል። ቁስሉ ከንጽሕና ጉድለት መስሏቸው ሚስዋክ አጥብቀው ይፍቃሉ። ለሕመሙ አይቡፕሮፌን ይውጣሉ። ፋርማሲስቱ ሦስቱንም እንዲያቆሙ ነገራቸው። አልኮሉ ቁስሉን ያቃጥላል፣ ያደርቃል። ሚስዋኩ የሳሳውን ድድ ይቧጥጣል። አይቡፕሮፌን ደግሞ ፕላትሌት በሚቀንስበት ጊዜ የመድማት አደጋ አለው፤ ትኩሳትንም ሊደብቅ ይችላል። ከዚያ ስልክ አንስቶ የካንሰር ክፍሉን ተረኛ ሐኪም አገናኘን። ሐኪሟ “የዛሬ ማታውን ኪኒን እንዳይወስዱ፤ ነገ ጠዋት ይምጡ” አለች። እኛ ባንሄድ ኖሮ እማማ ያን ማታ እንደ ወትሮው ሊውጡት ነበር።

እህቶቼ፣ ነገሩ ቀላል አይደለም። ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሕዋሳትን ያጠቃል። የአፋችን የውስጥ ሽፋን ደግሞ ከእነዚያ አንዱ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ኬሞ ከተወሰደ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ አፍ መቅላት፣ ማቃጠል፣ መቁሰል ይጀምራል። በአንገትና በጭንቅላት አካባቢ ጨረር የሚወስዱት ላይ ደግሞ ይበረታል፤ ሕክምናው ካለቀም በኋላ ለሳምንታት ይቆያል። ያልታከመ ቁስል መብላትና መጠጣት ይከለክላል፣ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል፣ የመድኃኒቱ መጠን እንዲቀነስ ወይም ሕክምናው እንዲዘገይ ያስገድዳል። “ትልቁን በሽታ ያክሙልኝ፣ አፌን እችለዋለሁ” የምትል እህት የትልቁን በሽታ ሕክምና ራሱን እያሰናከለች መሆኑን ማወቅ አለባት።

ታዲያ ለምን ፋርማሲስት? ሐኪሙን ለማግኘት ቀጠሮ ያስፈልጋል። ፋርማሲስቱ ግን ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ክፍያ፣ ብዙ ጊዜ ከሥራ ሰዓት በኋላም ይገኛል። የምንወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነገርነው በአንድ ላይ አድርጎ ሊያያቸው ይችላል። ከዚህም በላይ ለየትኛው መድኃኒት የትኛው መከላከያ እንደሚስማማ ማወቅ ሙያው ነው። ለምሳሌ ፍሎሮዩራሲል በአንድ ጊዜ በደም ሥር ሲሰጥ ለ30 ደቂቃ በረዶ አፍ ውስጥ መያዝ ቁስሉን ይቀንሳል። ኦክሳሊፕላቲን አብሮ ለምትወስድ ሴት ግን ቅዝቃዜ ራሱ ሕመም ስለሚያመጣ ይህ ምክር አይሆናትም። ኤቨሮሊመስ የታዘዘላቸው የጡት ካንሰር ታማሚዎች ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ቀን አልኮል በሌለው ዴክሳሜታዞን ቢጉመጠመጡ ቁስሉ በእጅጉ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ይህን ጎረቤት አይነግረንም፤ ኢንተርኔትም ለይቶ አይነግረንም።

የእኛ የሙስሊም ሴቶች ጥያቄዎችም እዚያው መልስ ያገኛሉ። መድኃኒቱ አልኮል አለበት? የካፕሱሉ ጄላቲን ከምንድን ነው? አልኮል የሌለው አለ? እነዚህን መጠየቅ አያሳፍርም፤ የሥራው አካል ነው። ስለ ማርም እንዲሁ። አላህ በማር ውስጥ ፈውስ እንዳደረገ እናምናለን። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ የአፍ ቁስለት መመሪያም በአንገትና በጭንቅላት ላይ ጨረር ለሚወስዱ ታማሚዎች ማርን ለመከላከያነት ጠቁሟል። ነገር ግን ስኳር ላለባት እህት፣ ጥርሷ ለተጎዳ፣ ነጭ የደም ሕዋሷ ለወረደ ነገሩ ይለያል። ጥቁር አዝሙድም፣ አብሽም፣ ከአገር ቤት የተላከ ቅጠልም ለፋርማሲስቱ ይነገር። “ተፈጥሯዊ ነው” ማለት ከኬሞ ጋር አይጋጭም ማለት አይደለም።

“ሕመምን ለሰው መናገር ማማረር አይሆንም ወይ?” የምትሉ ትኖራላችሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በትኩሳት በታመሙ ጊዜ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ሲጠይቃቸው፣ የሁለት ሰው ሕመም ያህል እንደሚያማቸው ነግረውታል። አልደበቁም። መታከምንም አዘዋል። የአላህን ውሳኔ መቃወም ሌላ ነው፤ ለሚረዳን ሰው ያለንበትን ሁኔታ መግለጽ ሌላ ነው። ሰውነታችን አማና ነው።

“ፋርማሲስቶቹ የት ጊዜ አላቸውና!” የምትሉም እውነት አላችሁ። እኔም ከረጢቱን ወርውሮልኝ ቀጣዩን የጠራ ገጥሞኛል። ስለዚህ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሂዱ፤ ወይም ደውሉና “የካንሰር መድኃኒት ላይ ነኝ፣ ፋርማሲስቱን ማነጋገር እፈልጋለሁ” በሉ። ገንዘብ ተቀባይዋን ሳይሆን ፋርማሲስቱን። ብዙ ሆስፒታሎችም በካንሰር መድኃኒት ላይ ብቻ የሚሠራ ፋርማሲስት አላቸው፤ ነርሷን ጠይቁ። ቋንቋ ካስቸገረ፣ እዚህ አሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ፋርማሲዎች በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። “አማርኛ” ማለት ይበቃል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችንን ለእናቷ ሕመም አስተርጓሚ አናድርጋት። በሪያድ ወይም በዱባይ በሰው ቤት የምትሠሪ እህቴ ደግሞ የመድኃኒትሽን ስም በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ያዥ፤ ሰፈር ያለው ፋርማሲ ገብተሽ ማሳየት ይቻላል።

ለቤታችን የሚሆን ጥቂት ነገር ልጨምር። አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይበጠበጣል፤ በየጥቂት ሰዓቱ ይጉመጠመጡበትና ይተፉታል፤ በየቀኑ አዲስ ይሠራል። ሚስዋኩ እስኪድን በጣም ለስላሳ ብሩሽ ይተካው፤ ኒያው ከልብ አይጠፋም። በርበሬ፣ ሚጥማጣ፣ ሎሚ፣ ቆሎና ትኩስ ቡና ይቅር፤ ለብ ያለ አጥሚት፣ ሾርባና ሙዝ ይቅረብ። ትኩሳት 38 ዲግሪ (በፋራናይት 100.4) ከደረሰ፣ ውሃ አልወርድ ካለ፣ አፍ ከደማ ወይም ነጭ ነገር ከሸፈነው ግን ነገን መጠበቅ የለም፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ካንሰር ክፍሉ ይደወል።

ዋናው መልእክቴ ይኸው ነው። አንዲት እህት ካንሰር አለባት ሲባል እኛ ምግብ ሠርተን እንሄዳለን፣ ዱዓ እናደርጋለን፣ ገንዘብ እናዋጣለን። አላህ ይቀበለን። አንድ ነገር እንጨምር፦ ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት ከመካከላችን አንዷ አብራት ፋርማሲ ትሂድ። “ይህ መድኃኒት አፌን ያቆስለኛል? ከአሁኑ ምን ላድርግ? ማታ ቢብስብኝ ለማን ልደውል?” ብለው ይጠይቁ። ሦስት ጥያቄ፣ ሩብ ሰዓት። የሰራነው ሳምቡሳ ቆስሎ ለተዘጋ አፍ ምን ይሠራለታል?

እማማ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሐኪሟ መጠኑን አስተካክላላቸው ኪኒናቸውን ቀጠሉ። ለዒድ ቤታቸው ሄጄ ቴምር ሲበሉ አየሁ፤ በውሃ አርሰው፣ ቀስ ብለው። አልሐምዱሊላህ።

አላህ ለታመሙ እህቶቻችን ሁሉ የተሟላ ሺፋእ ይስጥልን፤ ለሚያስታምሟቸውም ብርታቱን። አሚን።